የውኃ ዐምድና የሕፃን እስትንፋስ

የሰው ልጅ ከእናቱ ማሕፀን ወጥቶ ወደዚህ ዓለም ሲገባ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ሥራ መተንፈስ ነው። ይህ ሥራ ለጤነኛ ሕፃን ሳይታሰብ የሚፈጸም ሲሆን፣ ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደው ወይም ሳንባው በምች ለተያዘው ግን ከአቅሙ በላይ የሆነ ድካም ነው። በሕፃናት ጤና ምርምር ታሪክ ውስጥ ከተገኙት ታላላቅ ውጤቶች አንዱም ይህን ድካም ለማቅለል የተደረገው የረጅም ጊዜ ጥረት ነው።

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለዚሁ ምርምር አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው በዚህ ጉዳይ ምን ያገባዋል በማለት ማመንታቴ አልቀረም። ይሁን እንጂ ታሪኩን እየተከታተልሁ በሄድሁ መጠን የፈሳሽን ግፊት፣ የገጽን ውጥረት፣ የብርሃንን ልኬትና የአየርን ማጣራት፣ ማለትም እኛ መሐንዲሶች በትምህርት ቤት ሳለን የደከምንባቸውን ነገሮች ሁሉ በየምዕራፉ አገኘኋቸው። ከዚህም ሌላ አንድ ትምህርት ደጋግሞ ገጠመኝ፤ ይኸውም መሣሪያ ብቻውን ሕፃንን እንዳላዳነ፣ ልኬትና ጥበቃ አብረውት ሲሄዱ ግን እንዳዳነ የሚያስረዳ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ከታሪኩ ነቅሶ ለሙያ ባልደረቦቼ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሳንባ ፊዚክስ

በነሐሴ ወር 1963 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለጆን ኬኔዲ ፓትሪክ የተባለ ወንድ ልጅ ተወለደ። ሕፃኑ የተወለደው ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ሲሆን፣ ክብደቱ 2.1 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በተወለደ በ39 ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ወላጆቹ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የነበረውን ከሁሉ የላቀ ሕክምና ለማግኘት የሚያግዳቸው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከሁሉ የላቀው ሕክምና ራሱ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልነበረውም። በዛሬው ጊዜ በዚያው ክብደት የሚወለድ ሕፃን ተገቢውን እንክብካቤ ካገኘ በሕይወት የመኖር ተስፋው እጅግ ከፍ ያለ ነው። በሁለቱ ዘመናት መካከል ምን ተገኘ?

ነገሩን ለመረዳት ከፊኛ መነሣት ይሻላል። ፊኛ የነፋ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ከባዱ የመጀመሪያው እፍታ ነው፤ ፊኛው ጥቂት ከተነፋ በኋላ ግን ሥራው ይቀልላል። የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶችም እንዲሁ ናቸው። የከረጢቶቹ ውስጠኛ ገጽ በስስ ፈሳሽ የተሸፈነ ስለሆነ፣ ፈሳሹ በገጹ ውጥረት አማካይነት ከረጢቱን ለመጨምደድ ዘወትር ይስባል። ፈረንሳዊው ላፕላስ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ባስቀመጠው ሕግ መሠረት፣ ውጥረቱ እኩል ሆኖ ሳለ ከረጢቱ ባነሰ ቁጥር ክፍት አድርጎ ለማቆየት የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል። እንግዲህ ትንሹ ከረጢት አየሩን ወደ ትልቁ እያፈሰሰ ራሱ ይከደናል ማለት ነው።

በ1929 ኩርት ፎን ኔርጋርድ የተባለ ሊቅ አንድን ሳንባ አንድ ጊዜ በአየር፣ ሌላ ጊዜ በፈሳሽ እየሞላ የሚያስፈልገውን ግፊት መዘነ። በፈሳሽ ሲሞላ የሚያስፈልገው ግፊት በጣም አነስተኛ ሆኖ አገኘው፤ በፈሳሽ በተሞላ ሳንባ ውስጥ አየርና ፈሳሽ የሚገናኙበት ገጽ የለምና። ከዚህም ሳንባ እንዲጨማደድ ከሚያደርጉት ኃይሎች ዋነኛው የገጽ ውጥረት መሆኑን ደረሰበት። ይሁን እንጂ ይህ ግኝት ሰሚ አጥቶ ሩብ ምእት ዓመት ያህል ተረስቶ ኖረ። በ1950ዎቹ ዓመታት ፓትልና ክሌሜንትስ የተባሉት ተመራማሪዎች ጤነኛ ሳንባ ይህን ውጥረት የሚያላላ፣ በጠባዩ ሳሙናን የሚመስል ነገር ራሱ እንደሚያመነጭ አሳዩ። በ1959 ደግሞ ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባሉት የሕፃናት ሐኪም ከባልደረባቸው ከጄሬ ሚድ ጋር ሆነው፣ በዚህ በሽታ በሞቱት ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር የጎደለ መሆኑን አረጋገጡ። እንግዲህ የኬኔዲ ልጅ ሲሞት የበሽታው ምክንያት ከታወቀ አራት ዓመት አልፎት ነበር። የጠፋው ምክንያቱ ሳይሆን ዘዴው ነበር።

ያልተለካ በረከት

ወደ ዘዴው ከማለፋችን በፊት ከዚያ አስቀድሞ የደረሰውን አንድ መከራ ማንሣት ያስፈልጋል። በ1940ዎቹ ዓመታት በሀብታም አገሮች የነበሩ ሆስፒታሎች ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን አየር በማያስወጡ አዳዲስ ማሞቂያ ሣጥኖች ውስጥ እያኖሩ ኦክሲጅን በብዛት ይለቁላቸው ጀመር። ሕፃናቱም ቀላ አሉ፤ ትንፋሻቸውም ተስተካከለ። ሐኪሞቹም ደስ አላቸው። ነገር ግን በ1942 ቴዎዶር ቴሪ የተባሉት የቦስተን የዓይን ሐኪም ከእነዚህ ሕፃናት አንዳንዶቹ ከብሌናቸው በስተኋላ በተፈጠረ ጠባሳ ምክንያት መታወራቸውን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ያህል በልዩ ልዩ አገሮች 10,000 የሚደርሱ ሕፃናት በዚህ ምክንያት የዓይናቸውን ብርሃን እንዳጡ ይገመታል።

እጅግ የሚያሳዝነው ችግሩ በደሃ ሆስፒታሎች ሳይሆን የተሟላ መሣሪያ ባላቸው ሆስፒታሎች የበረታ መሆኑ ነው። በ1951 ኬት ካምቤል የተባሉት የሜልቦርን ሐኪም ኦክሲጅን በብዛት የሚሰጥባቸውንና በቁጠባ የሚሰጥባቸውን ክፍሎች አነጻጽረው ጥርጣሬያቸውን በኦክሲጅኑ ላይ ጣሉ። ቀጥሎም በ1953 እና በ1954 በአሜሪካ 18 ሆስፒታሎች ተባብረው ሕፃናቱን በዕጣ እየለዩ ባደረጉት ጥናት ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ተገኘ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ኦክሲጅን ዓይን ያጠፋል በመባሉ ብቻ አያሌ ሆስፒታሎች መጠኑን ከልክ በላይ ቀነሱ፤ በዚህም ጊዜ ዕውርነቱ ሲቀንስ በትንፋሽ ማጠር የሚሞቱት በዙ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2010፣ በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት ይህንኑ ሚዛን በቁጥር አስቀምጦታል። የደማቸው የኦክሲጅን መጠን ከ85 እስከ 89 በመቶ እንዲሆን ከተደረጉት፣ እጅግ ቀደም ብለው ከተወለዱ ሕፃናት መካከል 19.9 በመቶ ሲሞቱ፣ ከ91 እስከ 95 በመቶ እንዲሆን ከተደረጉት የሞቱት 16.2 በመቶ ነበሩ። በሌላ በኩል በሕይወት ከተረፉት መካከል ከባድ የዓይን ጉዳት የደረሰባቸው በመጀመሪያው ክፍል 8.6 በመቶ፣ በሁለተኛው 17.9 በመቶ ሆኑ። በሞትና በዕውርነት መካከል ያለው መንገድ ይህን ያህል ጠባብ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ያለ መለኪያ መሄድ ደግሞ ዓይንን ጨፍኖ ገደል ዳር እንደ መራመድ ይቆጠራል።

የሚያቃስተው ሕፃን ያስተማረው

ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን አየር ሲያስወጣ ያቃስታል። ይህ ድምፅ ለብዙ ዘመን የበሽታው ምልክት ከመሆን አልፎ ሌላ ትርጉም ያለው መስሎ የታየው ሰው አልነበረም። በ1968 ሃሪሰን፣ ሂሴና ክላይን የተባሉ የኬፕ ታውን ሐኪሞች በሚያቃስቱ ሕፃናት የአየር መተላለፊያ ውስጥ ቱቦ በመግባቱ ምክንያት ማቃሰታቸው ሲቀር፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እንደሚያሽቆለቁል አስተዋሉ። ቱቦው ሲወጣና ሕፃኑ እንደገና ሲያቃስት ኦክሲጅኑ ይመለሳል። እንግዲህ ማቃሰቱ ሕፃኑ ራሱ የፈለሰፈው ዘዴ ኖሯል፤ ጉሮሮውን በከፊል ዘግቶ አየሩን በግፊት በማስወጣት የሳንባ ከረጢቶቹ እንዳይከደኑ ያግዳቸዋል ማለት ነው። ችግሩ ይህን ሲያደርግ የሚውል ሕፃን በመጨረሻ ኃይሉ አልቆ መድከሙ ነው።

የሳን ፍራንሲስኮው ሐኪም ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ግፊት ሕፃኑ ሳይደክም ከውጭ ለመስጠት አሰቡ። ለሕፃኑ የሚሰጠው አየር ሳያቋርጥ ጥቂት ግፊት እንዲኖረው አደረጉ። በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት በጠና ከታመሙት 20 ሕፃናት መካከል 16ቱ ዳኑ። ከዚህ በኋላ የጎደለውን ንጥረ ነገር ራሱን የመተካቱ ሥራ ተከተለ። በ1980 ቴትሱሮ ፉጂዋራ የተባሉት ጃፓናዊ ሐኪም ከላም ሳንባ የተዘጋጀውን ንጥረ ነገር ለ10 ሕፃናት ሰጥተው ጥሩ ውጤት ማግኘታቸውን አሳወቁ። ይሁንና ይህ መድኃኒት ዋጋው ውድ በመሆኑ ለብዙ አገሮች ሳይደርስ ሲቀር፣ የግፊቱ ዘዴ ግን ወደ ቀላልነት አዘነበለ።

የዘዴው ቀላል መልክ ለመሐንዲስ ዓይን እጅግ ያማረ ነው። ኦክሲጅን የተቀላቀለው አየር በቱቦ ወደ ሕፃኑ አፍንጫ ይመጣል፤ ከሕፃኑ የሚመለሰው አየር የሚወጣበት ሁለተኛው ቱቦ ደግሞ ጫፉ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። አየሩ ለመውጣት ከጫፉ በላይ ያለውን የውኃ ዐምድ ማሸነፍ ስላለበት፣ ቱቦው አምስት ሴንቲ ሜትር ከተነከረ በሕፃኑ የአየር መተላለፊያ ያለው ግፊት አምስት ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሆናል። ይህም ወደ 490 ፓስካል ገደማ፣ ማለትም በባሕር ጠለል ካለው የከባቢ አየር ግፊት ሁለት መቶኛው ያህል ነው። ግፊቱን ለመጨመር ቱቦውን ዝቅ፣ ለመቀነስ ከፍ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ግፊቱ ከተወሰነው በላይ ሊያልፍ ቢቃጣ አየሩ በአረፋ መልክ ስለሚወጣ፣ ጠርሙሱ መለኪያም መቆጣጠሪያም መከላከያም ሆኖ ያገለግላል። አረፋው መታየቱ ደግሞ መሣሪያው እየሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው፤ አረፋው ከቆመ አንድ ቦታ አየር እየሾለከ መሆኑን ነርሷ በዓይኗ ታያለች።

ከሁካታ የወጣ ልኬት

ግፊቱ በጠርሙስ ተለካ፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅንስ በምን ይለካ? ቀድሞ ይህን ለማወቅ ከደም ሥር ደም ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልግ ነበር። ይህን ችግር ያቃለለው እንደ እኛው መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው። በ1936 የተወለዱት ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ኒሆን ኮህደን በተባለ ኩባንያ ውስጥ ሲሠሩ፣ ልብ የምትረጨውን የደም መጠን በቀለምና በብርሃን አማካይነት ከጆሮ ላይ ለመለካት ይሞክሩ ነበር። ነገር ግን የደም ሥር ትርታ የልኬቱን መሥመር እያወዛወዘ አስቸገራቸው። ይህን ሁካታ ለማጥፋት ሁለት ዓይነት ብርሃን፣ ማለትም ቀዩንና ታሕተ ቀይ የተባለውን ዓይን የማያየውን ብርሃን አስተላልፈው አንዱን በሌላው ለማጣፋት ሞከሩ። የማጣፊያው ስሌት በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሲለዋወጥ አብሮ የሚለዋወጥ ሆኖ አገኙት። በዚህ ጊዜ የጠሉት ሁካታ ራሱ የሚፈለገው መልእክት መሆኑን ተረዱ፤ የሚመታው የደም ቧንቧ ብቻ ስለሆነ ትርታው የቧንቧውን ደም ከቆዳውና ከሥጋው ለይቶ ያሳያል። ይህን ሐሳባቸውን በ1974 ለጃፓን ባለሙያዎች ጉባኤ አቀረቡ። ዛሬ በጣት ወይም በሕፃን እግር ላይ የሚታሰረው ፐልስ ኦክሲሜትር ከዚህ የተወለደ ነው። ፈልሳፊው በ2020 ዓረፉ።

ይህ መሣሪያ ኦክሲጅን አጣርቶ ከሚሰጠው ኮንሰንትሬተር ጋር ሲጣመር ምን እንደሚያስገኝ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ታይቷል። ኮንሰንትሬተር ተራውን አየር ስቦ ዜኦላይት በተባለ ማዕድን ውስጥ በግፊት በማሳለፍ ናይትሮጅኑን አስቀርቶ ኦክሲጅኑን የሚያወጣ መሣሪያ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ሲሊንደር ከሩቅ ማመላለስን ያስቀራል። ትሬቨር ዱክና ባልደረቦቻቸው በ2008 እንዳሳተሙት፣ በአገሪቱ አምስት ሆስፒታሎች ኮንሰንትሬተርና ፐልስ ኦክሲሜትር ገብቶ፣ ሠራተኞቹም ሠልጥነው ሥራው ከተደራጀ በኋላ በሳንባ ምች ከታከሙት ሕፃናት የሚሞቱት ከ4.97 ወደ 3.22 በመቶ ዝቅ ብለዋል።

ልኬቱ ግን የራሱ ጉድለት አለው። በ2020 በአሜሪካ በዐዋቂ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ የሚደርስ ደኅና ቁጥር እያሳየ የደሙ ኦክሲጅን ግን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘባቸው ልኬቶች በነጮቹ 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበሩ። ብርሃኑ በጠቆረ ቆዳ ውስጥ ሲያልፍ የሚደርስበትን ለውጥ ስሌቱ በበቂ አልያዘውም ማለት ነው። መለኪያን መለካት የመሐንዲስ ግዴታ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሻምፖው ጠርሙስ

በ1996 መሐመድ ጆባየር ቺሽቲ የተባሉት ባንግላዴሻዊ ሐኪም ገና ጀማሪ ሳሉ፣ በሲልሄት ከተማ ሆስፒታል በአንድ ሌሊት ሦስት ሕፃናት በሳንባ ምች ሲሞቱ አዩ። የዚያ ሌሊት ሐዘን ከአእምሯቸው አልጠፋም። ከዓመታት በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሜልቦርን በሄዱ ጊዜ የአረፋውን ዘዴ ሲሠራ ተመለከቱ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው ውድ የሆነውን የፋብሪካ መሣሪያ በባዶ የሻምፖ ጠርሙስ፣ በውኃና በተራ ቱቦ ተኩት። ኦክሲጅኑን ከኮንሰንትሬተር አገኙ።

ሙከራው የተካሄደው በዳካ በሚገኘው የታወቀ የምርምር ሆስፒታል ሲሆን፣ ውጤቱ በ2015 ታተመ። ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ኦክሲጅን ያነሳቸው 225 ሕፃናት በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። በተለመደው መንገድ አነስተኛ የኦክሲጅን ፍሰት ከተሰጣቸው 67 ሕፃናት 10ሩ፣ ማለትም 15 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ በአረፋው ዘዴ ከታከሙት 79 ሕፃናት የሞቱት 3 ብቻ፣ ማለትም 4 በመቶ ሆኑ። ሦስተኛው ክፍል ከፍተኛ ፍሰት የተሰጣቸው 79 ሕፃናት ሲሆኑ ከእነርሱም 10 ሞቱ። በተለመደው ሕክምና የሚሞቱት መብዛታቸው በመታየቱም ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ባዶ ጠርሙስ ይህን ያህል ነፍስ ማዳኑ በዓለም ተሰማ፤ በየአገሩም ያሉ ሐኪሞች እኛም እንሞክረው አሉ።

የሳሊማ ማስጠንቀቂያ

ማላዊ በዚህ ነገር ቀድማ የሄደች አገር ነበረች። ከአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች ለዓሣ ማኖሪያ ገንዳ አየር በሚረጩ ትንንሽ ሞተሮች የሚሠራ የአረፋ መሣሪያ ፈልስፈው፣ መሣሪያው በብላንታየር ከተማ ማእከላዊ ሆስፒታል ተሞክሮ ነበር። በ2014 እንደታተመው ትንፋሽ ካጠራቸው ጨቅላ ሕፃናት መካከል በዚህ መሣሪያ ከታከሙት 71 በመቶ ሲተርፉ፣ ኦክሲጅን ብቻ ከተሰጣቸው የተረፉት 44 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ዘዴው ከጨቅሎቹ አልፎ በምች ለታመሙት ከፍ ላሉት ሕፃናትም በወረዳ ሆስፒታል ቢሞከር መልካም ፍሬ እንደሚሰጥ ተስፋ ተደረገ።

ሙከራው በሳሊማ ወረዳ ሆስፒታል ከ2015 እስከ 2018 ተካሄደ። በጥናቱ የገቡት 644 ሕፃናት ሲሆኑ፣ ከእነዚህም አያሌዎቹ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ወይም ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው፣ አለዚያም ኦክሲጅናቸው እጅግ ዝቅ ያለ ነበሩ። በ2019 የወጣው ውጤት ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ፤ በተለመደው መንገድ ኦክሲጅን ከተሰጣቸው የሞቱት 11 በመቶ ሲሆኑ፣ በአረፋው ዘዴ ከታከሙት የሞቱት 17 በመቶ ሆኑ። ጥናቱም ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

ይህን ሁለት ዓይነት ውጤት እንዴት እናስታርቀው? የውኃው ዐምድ በዳካም በሳሊማም የሚሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ የፊዚክስ ሕግም ድንበር ሲሻገር አይለወጥም። የተለወጠው በጠርሙሱ ዙሪያ ያለው ነገር ነው። በዳካ በሕፃናቱ አጠገብ ቀንና ሌሊት ልምድ ያላቸው ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ። በሳሊማ የነበረው ሕክምና ግን ሐኪም በየቀኑ የማይቆጣጠረው ነበር፤ የሕፃናቱም በሽታ የከበደ ነበር። አፍንጫው ውስጥ የገባው ቱቦ ቢደፈን፣ ሆዱ በአየር ቢነፋ፣ ያስመለሰው ምግብ ወደ ሳንባው ቢወርድ፣ ጠርሙሱ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። የሳሊማ ተመራማሪዎች ይህን መራራ ውጤት ሳይደብቁ ማሳተማቸው ለሳይንስ የተደረገ ታላቅ ውለታ ነው፤ መልካሙ ዜና ብቻ ቢታተም ኖሮ በሌሎች አገሮች ስንት ሕፃን በደግ አሳቢዎች እጅ በጠፋ ነበር።

በአገራችን

ኢትዮጵያ በሕፃናት ጤና በኩል ያሳየችው እርምጃ የሚያኮራ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደታየው፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ2000 ከሺህ 166 የነበረው በ2016 ወደ 67 ወርዷል። በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሚሞቱት ግን በዚያው ዘመን ከ49 ወደ 29 ነው የቀነሱት፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚደርሰው ሞት ከሌላው ይልቅ ለመቀነስ የሚያስቸግር መሆኑን ያመለክታል። አገራችን ከፍተኛ ቦታ ላይ መሆኗም ሊዘነጋ አይገባም። በአዲስ አበባ ያለው የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ደጋ ላይ የታመመ ሕፃን ከቆላው ሕፃን ይልቅ ከአየሩ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያነሰ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 የሕክምና ኦክሲጅንንና የፐልስ ኦክሲሜትርን አቅርቦት ለማስፋፋት ብሔራዊ ዕቅድ ማውጣቱም ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘ ነው።

የዳካው ዘዴ ወደ አገራችን ሲመጣ በጥንቃቄ መጣ። በመጀመሪያ በጥቂት ሆስፒታሎች ከአገሩ ሁኔታ ጋር እንዲስማማ ተደረገ፤ ሐኪሞችና ነርሶች ሠለጠኑ፤ መሣሪያው በእጃቸው እንዲሠራ ሆነ። ከዚያም ከ2021 እስከ 2022 በ12 ጠቅላላ ሆስፒታሎች ሰፊ ጥናት ተካሄደ። በዕጣ የተለዩት ሕፃናቱ ሳይሆኑ ሆስፒታሎቹ ነበሩ፤ በስድስቱ የአረፋው ዘዴ፣ በስድስቱ የተለመደው ኦክሲጅን ተሰጠ። በ2024 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በእያንዳንዱ ክፍል ከነበሩት 620 ሕፃናት መካከል ሕክምናው ያልተሳካላቸው በአረፋው ዘዴ 5 ሲሆኑ፣ በተለመደው 21 ሆኑ። በሆስፒታል ሳሉ የሞቱት ስድስት ሕፃናት ሁሉ የተለመደው ሕክምና ከተሰጣቸው ወገን ነበሩ። ሥራውን ያካሄዱት በሆስፒታሎቹ የዘወትር ሥራ ላይ ያሉ ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። ሳሊማ ያስጠነቀቀችው ነገር በዚህ ታስቦበት ነበር ለማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የራሴን ገጠመኝ ባነሣ አንባቢ እንደማይታዘበኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኤሌክትሪክ መሥመር ለመመርመር ወደ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ሳለሁ፣ በዕቃ ቤቱ ጥግ አቧራ የጠጡ ሁለት ኮንሰንትሬተሮች አየሁ። አብረውኝ የነበሩትን ነርስ፣ «ሲስተር፣ እነዚህ ለምን አይሠሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኢንጂነር፣ ተበላሽተዋል ከተባለ ዓመት አልፏቸዋል» አሉኝ። ከሆስፒታሉ የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሽያን ጋር ሆነን ከፈትናቸው። የአንደኛው አየር ማስገቢያ ማጣሪያ በአቧራ ከመደፈኑ በስተቀር ሌላ ነገር አልነበረበትም፤ ታጥቦና ደርቆ ሲመለስ፣ ቴክኒሽያኑም የሚወጣውን ኦክሲጅን ለክቶ ደኅና መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕፃናት ክፍል ተወሰደ። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ተቃጥሎ ነበር፤ ከፊቱ ትንሽ የኃይል ማስተካከያ ቢኖር ይተርፍ ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ ምን ያህል ሕፃን በኦክሲጅን እጦት እንደተጎዳ የሚናገር መዝገብ የለም። ማጣሪያውን ማጠብ የማን ሥራ እንደሆነ የሚናገርም አልነበረም።

ይህ የአንድ ሆስፒታል ጉድለት ብቻ አይደለም። ፔሪና ማልኪን በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሀብታቸው አነስተኛ በሆኑ አገሮች ከተመረመሩት ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎች መካከል 38.3 በመቶው አገልግሎት የማይሰጡ ሆነው ተገኝተዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ፎን ኔርጋርድ የሳንባን ግፊት በመለካት ምክንያቱን አገኘ። የ1940ዎቹ ሐኪሞች መልካሙን ነገር ሳይለኩ በመስጠት ጉዳት አደረሱ። የኬፕ ታውን ሐኪሞች የሕፃኑን ማቃሰት በማዳመጥ፣ አዮያጊ የተናቀውን ሁካታ በመመርመር አዲስ መንገድ ከፈቱ። ዳካ ርካሽ ዕቃ ነፍስ ሊያድን እንደሚችል፣ ሳሊማ ደግሞ ያው ዕቃ ያለ ተቆጣጣሪ አደጋ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። የአገራችን ሆስፒታሎች የሁለቱን ትምህርት አጣምረው ፍሬውን አዩ።

እኛ መሐንዲሶች አንድን መሣሪያ ገዝተን፣ ተክለን፣ ሪባን ተቆርጦ ርክክብ ሲፈጸም ሥራችን ያለቀ የሚመስለን ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ታሪክ የሚለን ግን ሥራው የሚጀምረው ከርክክቡ በኋላ መሆኑን ነው። በእያንዳንዱ የግዢ ውል ውስጥ የመለዋወጫና የሥልጠና ወጪ ይግባ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የጥገና መዝገብና ስሙ የታወቀ ኃላፊ ይኑረው፤ የኃይል ማስተካከያ ሳይቀደም ማንኛውም ኮንሰንትሬተር አይሰካ፤ የሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሽያኖችም ከማኅበራችን ጋር የሚገናኙበትና ምክር የሚጠይቁበት መንገድ ይበጅ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ለእኛ ሙያ የተነገረ ይመስላል።

አምስት ሴንቲ ሜትር ውኃ ለመሐንዲስ ከቁጥር የማይገባ ግፊት ነው። ለአንድ ሕፃን ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ሊሆን ይችላል። አረፋው እንዳይቆም መጠበቅ የሐኪሙና የነርሷ ሥራ ሲሆን፣ ለአረፋው የሚሆነው አየርና ኃይል እንዳይቋረጥ መጠበቅ የእኛ ሥራ ነው።